የሙሽራዋ ስፌት

አማትየዋ በሩን ዘግተው ጀርባቸውን አስደገፉበት። ምራታቸው አንዱን ቦት ጫማ አጥልቃ፣ ሌላውን በእጇ እንዳንጠለጠለች ቀና ብላ አየቻቸው። አሮጊቷ እንዲህ በር የሚዘጉት ወይ መርዶ ሲመጣ ነው ወይ ሰው ሊታማ ሲል፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ የሐዘን ምልክት አልነበረም።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ።

«እማዬ፣ ሰርቪስ ያመልጠኛል።»

«ያምልጥሽ። ከሰርቪስ የባሰ የሚያመልጥ ነገር አለ።»

ተቀመጠች። ልጃቸው ቀደም ብሎ ወጥቶ ሄዷል፤ አሮጊቷ ግን ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የወለድኩት ነው፣ አልጠላውም። አንቺንም ግን ሳልወልድሽ ወልጄሻለሁ። ቅድም በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ልሰማ ብዬ አይደለም፤ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነው።»

ምራትየዋ ገመዱ ላይ አንዲት ካልሲ እንኳ እንዳልነበረች አይታለች።

«ምን አለ መሰለሽ? ‹ሙሽራዋን የነካኋት እኔ መሆኔን ማንም አያውቅም› አለ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ቀጥሎ ደግሞ ‹አይዞህ፣ ሚስቴም ብትሆን አይታ አትለይም› አለ። እንግዲህ የማን ሙሽራ እንደሆነች እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት።»

ምራትየዋ መጀመሪያ አፏን በጓንቷ ሸፈነች፤ ኋላ አልቻለችም፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አሮጊቷ ተቀየሟት።

«እማዬ፣ ሙሽራዋ እኮ ሰው አይደለችም። ማሽን ናት። አምና መሥሪያ ቤታችን የመጣችው የብየዳ ማሽን። ነጭ ድንኳን ውስጥ ስለምትውል ነው ሠራተኛው ሙሽራ ያላት።»

«ማሽን ናት?»

«ማሽን ናት።»

አማትየዋ ትንሽ አሰቡ። ከበሩ ላይ ጀርባቸውን አላነሡም።

«እሺ፣ ማሽን ትሁን» አሉ። «ማሽን የነካ ሰው ታዲያ ምን ያስደብቀዋል?»

ምራትየዋ ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች። ማሰሪያውን ስታስር ከወትሮው ቆየች።

*

ሰርቪሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ገና ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር። ፈገግታው ከፊቷ ላይ የጠፋው መኪናው ወደ ወደቡ መንገድ ሲታጠፍ ነው። «ሚስቴም ብትሆን አይታ አትለይም» የሚለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰካ። የእሷ ሥራ ማየት ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ አይታ እንድትለይ የተቀጠረች ሴት እሷ ብቻ ናት።

በግቢው የሚሠራው እግር ነው፤ ባሕር መሐል የሚተከል የብረት ቤት እግር። ከላይ ጋዝ የሚያወጡ ሰዎች ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ካልሲያቸውን ያሰጣሉ፤ ከታች ማዕበሉ ቀንና ሌሊት እግሩን ይገፋዋል። እግሩ ደግሞ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ሰው እየዳኸ የሚገባባቸው ወፋፍራም ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የተሰፉበት ነው። የሚቆመው ስፌቱ እስከቆመ ድረስ ነው።

ሙሽራዋ ከመምጣቷ በፊት ስፌቱ የበያጆች ነበር። አሁን እሷ ቱቦውን በከበበ ሐዲድ ላይ ሆና ትዞራለች። የሌዘር ጨረሯ ብረቱን እስከ ሥሩ ይወጋል፤ ከኋላው የሚከተለው ሽቦ እየቀለጠ ይሞላዋል፤ ግንባሯ ላይ ያለችው ካሜራ መንገዱን ከፊት ከፊት እያየች እጇን ታቃናለች። በያጆች እየተቀባበሉ ቀኑን ሙሉ የሚለፉበትን ከቁርስ እስከ ምሳ ትጨርሰዋለች። ነፋስ ስለማይስማማት ነጭ ሸራ ተወጥሮላታል። ከእሷ ጋር የመጣው ወጣት መሐንዲስ አቧራዋን እየጠረገ፣ ሰው እንዳይጠጋት እየተቆጣ፣ ስለ እሷ የሚጠየቀውን ሁሉ እሱ እየመለሰ ከጎኗ ስለማይለይ ሚዜው ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን ተናዶ ነበር። ኋላ ራሱም ስልክ ሲያነሣ «አቤት፣ ሚዜው ነኝ» ማለት ጀመረ።

ለምራትየዋም ስም አልጠፋላትም። ብረቱ ላይ ጄል ቀብታ፣ መዳሰሻውን እያንሸራተተች፣ በድምፅ የውስጡን ሥዕል ስክሪን ላይ ስለምታይ አዋላጅ አሏት። «ወንድ ነው ሴት?» ሳይሏት የሚያልፍ ቀን የለም። እሷም «መንታ ነው፤ አባቱ ግን አንተ አትመስለኝም» ብላ ትመልሳለች።

በያጆቹ አንድ በአንድ ጭምብላቸውን ሰቀሉ። አንዱ ቀለም ቀቢ ሆነ፣ አንዱ ገመድ ሳቢ። ከሁሉም ይልቅ እጁ የተመሰገነው ባሏ፣ በግቢው ያለው ብቸኛ ግራኝ በያጅ፣ ግራይንደር ተሰጥቶት ሙሽራዋ ያተረፈችውን ሽርክት ይሞርድ ጀመር። «ጥፍሯን እያስተካከልኩላት ነው» ይላል ሰው ሲጠይቀው። ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ሳይስቅ፣ «አንድ ቀን ትሰነጠቃለች፤ ያኔ ሁላችሁም ስሜን ትጠራላችሁ» ብሎ ነበር።

ትናንት ምሳ ላይ ከእሷ ጋር አልተቀመጠም። የት ነበርክ ስትለው «ሥራ» አላት። ማታ እያፏጨ ገባ። ከወራት በኋላ ነበር ያፏጨው፤ ደስ ብሏት ምክንያቱን እንኳ አልጠየቀችም። እጁን ታጥቦ ታጥቦ አልጨርስ አለ። ራት ላይ ደግሞ፣ ስለ ሥራዋ ጠይቋት የማያውቀው ሰው፣ «ነገ የሚጫነውን እግር የምታዪው አንቺ ነሽ?» አለ። አዎ አለችው። «ጥሩ» አለ፤ እንጀራ አቀብዪኝ እንደሚል ሰው።

እንኳን በገዛ ባሏ ላይ፣ በሌላ ሴት ባል ላይም እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ያሳፍራል፤ ግን አሰበችው። ስፌቱን አበላሽቶታል። ሙሽራዋን ዛሬ እግሩን ሊያዩ በሚመጡት እንግዶች ፊት ሊያዋርዳት አበላሽቶታል። እሷ አይታ ካለፈችው እግሩ ሰው ተሸክሞ ባሕር ላይ ይቆማል። ካስቆመችው ደግሞ ባሏን በገዛ እጇ ከግቢው ታወጣዋለች።

*

ግቢው ተጠርጎ ነበር፤ ይህም አንድ የጥርጣሬ ምክንያት ነው። እግሩ በጎኑ ተጋድሞ፣ የክሬኑ ገመዶች ወገቡ ላይ ታስረው፣ ጠፍጣፋው ጫኝ ጀልባ ከወደቡ ጠርዝ ተጠግቶ፣ ሁሉም ነገር እሷን የሚጠብቅ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ይጫናል ተብሏል። እግሩን ያዘዙት እንግዶች ንጹሕ ሄልሜት ደፍተው ከአለቃው ጋር ይዘዋወራሉ። ከዳር እስከ ዳር በሙሽራዋ ብቻ የተሰፋ የመጀመሪያው እግር ነው፤ ሊያዩ የመጡትም ይህንኑ ነው።

የክሬኑ ሹፌር፣ ግቢውን ከሁሉም ቀድመው ያወቁት ሽማግሌ፣ ከላይ ከመስኮታቸው ብቅ አሉ።

«አዋላጅ፣ ቶሎ በያ። እኔ እዚህ ላይ ሆኜ ነው የሚያምጠኝ።»

«ትንፋሽ ይውሰዱ፣ ጋሼ። በአፍ አይደለም፣ በአፍንጫ።»

ሳቁ። ያልሳቀው ሚዜው ብቻ ነው። መሣሪያዋን ሳትጠይቀው ተሸከመላት፤ ይህን አድርጎ አያውቅም። አይኖቹ ቀልተዋል።

«እህት ዓለም፣ ዛሬ እንኳ አትድከሚ» አላት። «ካሜራዋ ሁሉንም አይታዋለች። ያንቺ ለወጉ ያህል ነው።»

አዋላጇ ዞር ብላ አየችው። ይህ ልጅ ሙሽራዋ ስትመረመር ዳር ቆሞ፣ ልጁ ፈተና ላይ እንደተቀመጠበት አባት፣ «እዚያ ጋ ደግመሽ እዪልኝ፣ እንዴት እንደምታምር» የሚል ሰው ነው። ለወጉ ያህል የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ወጉንም ቢሆን በደንብ ነው የማደርሰው» አለችው።

ጄሉን ቀብታ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መጣ፤ ሰማያዊ ሰላም ነው። በሽታ ቢኖር ቀይ ሆኖ ይበራል። እየዞረች ሄደች፤ ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ። የጠበቀችው ቀይ አልመጣም። ወደ ታች፣ ከቱቦው ሆድ ሥር ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ቀይ አልነበረም። ድምፁ ሄዶ ሲመለስ ትንሽ ተለወጠባት፤ አንዱ የጀመረውን ዘፈን ሌላ ሰው ሲቀበለው እንደሚሰማው። ግጥሙ ያው ነው፤ ጉሮሮው ግን ሌላ ነው።

አልፋው ልትሄድ ትችል ነበር። ሰማያዊ ሰማያዊ ነው። የእጅ ባትሪዋን አውጥታ በቱቦው አፍ ገባች።

*

ውስጡ ይሞቃል፣ የዝገትና የጭስ ሽታ አለው። ትንፋሿ ራሱ ከፊት ለፊቷ ሰው ያለ ያስመስላል። ሙሽራዋ ከውጭ ሰፍታ ስትጨርስ ከውስጥም ስለምትዞር ሌላ ስፌት አለ፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያየው የለም፤ እሷም የምትገባው ከጠረጠረች ብቻ ነው።

የቀለጠ ብረት ሲረጋ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ይቀራል፤ ቅርፊቱ የሚያይበት አቅጣጫ እጁ ከየት ወዴት እንደሄደ ይናገራል። የሙሽራዋ ቅርፊቶች በሰልፍ እንደቆሙ ወታደሮች እኩል ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያሉ። አዋላጇ ባትሪዋን ይዛ ተከተለቻቸው። ከዚያ ከሆዱ ሥር ስትደርስ ቅርፊቶቹ ዞሩ። ክንድ የምታህል ስፌት ፊቷን ወደ ኋላ መልሳ ተኝታለች።

በግራ እጁ የሚሰፋ ሰው ነው እንዲህ የሚሄደው።

ጓንቷን አውልቃ ዳሰሰችው። መዳሰስ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። የቤታቸው የጓሮ በር በዚህ እጅ የተበየደ ነው። የሚተኙበት አልጋም እንዲሁ፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ጣቷን ብረቱ ላይ እያመላለሰች ቅርፊቶቹን ታውቃቸዋለች። አይታ አትለይም አለ ደግሞ፣ ጉደኛ። ንዴቱ እስከ አናቷ ወጣ። ሲበርድላት፣ ለማንም የማትናገረውን ነገር አሰበች፦ እንዴት ያምራል።

በዚያው በኩል ደግማ መረመረችው። ሰማያዊ። አንድም ክፉ ነጥብ የለም። አላበላሸውም ማለት ነው። ትከሻዋ ላላ፤ በልቧ ይቅርታ ጠየቀችው። ነገር ግን ይቅርታዋን ሳትጨርስ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ የበፊቱን የሚያስንቅ ነው።

ይህ አዲሱ ብረት ወፍራምና ኮስታራ ነው። በእጅ ሲበየድ አስቀድሞ በጋዝ እሳት ቀስ ተብሎ፣ እስከ ውስጡ ድረስ መሞቅ አለበት። ሳይሞቅ ከተበየደ ያኮርፋል። ኩርፊያውን ደግሞ ያን ቀን አያሳይም። ሰማያዊ ሆኖ ይውላል፣ ያድራል፤ ቀን ቆጥሮ ከውስጥ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ለዚህ ነው የእጅ ስፌት ከቀዘቀዘ በኋላ ቀናት ሳይቆይ የማይመረመረው። ዛሬ የምታየው ሰማያዊ ገና ምንም አልነገራትም። ባሏ የምሳ ሰዓት ብቻ ነበረው። በምሳ ሰዓት ይህን ብረት አሙቆ፣ ሰፍቶ፣ ጠርጎ መውጣት ይቻላል ወይ? ይቻል ይሆናል። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

«አዋላጅ» የሚል ድምፅ በቱቦው ተንከባለለ። «ምጡ በዛ እንዴ?»

ሚዜው የቱቦው አፍ ላይ አጎንብሷል። ቀልዱ አልሆነለትም።

«ና ግባ» አለችው። «ሙሽራህን ማን እንደነካት ንገረኝ።»

እየዳኸ መጣ። ባትሪው ወደሚያበራበት አላየም፤ የት እንደሆነ ያውቀዋል። ትንፋሹን ሰብስቦ በዝግታ አወራ። የሁለቱ ቱቦ ጠርዝ እዚያ ጋ በደንብ አልገጠመም ነበር፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ካሜራዋ መንገዱ ጠፋባት፤ ያቺን ክንድ ሳትሞላ አለፈች። እንግዶቹ መንገድ ላይ ነበሩ። ፈርሶ እንደገና ይሠራ ቢል ቀኑ ያልፋል። «እሷ ብትወድቅ እኔም አብሬያት ነው የምወድቀው» አለ፤ ዕድሜው ድምፁ ላይ ታወቀ።

«ግቢው በያጅ ሞልቶታል» አለች አዋላጇ። «ለምን እሱን?»

«ጎበዝ ስለሆነ።»

መልሱ ትንሽ ዘገየ። አንድ እስትንፋስ የማይሞላ መዘግየት ነው፤ ለእሷ ግን በቂ ነበር። የእሷ ሥራ የድምፅን መዘግየት መስማት ነው። ጉብዝናው እውነት ነው። ሌሎች ጎበዞችም አሉ። ሚስቱ አዋላጅ የሆነች ግን አንድ ብቻ ነው። የሚስትየዋን አፍ ለመዝጋት የባሏን እጅ ተዋሰ።

«አሙቆታል?»

«ጋዙን ሰጥቼዋለሁ። እኔ ውጭ ሆኜ ሰው እንዳይመጣ እጠብቅ ነበር። አላየሁም።» ከዚያ ጨመረ፦ «ይህን ብታስቆሚው መጀመሪያ የሚጠየቀው እጁ ነው። እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ሌላ ቦታ እቀጠራለሁ። እሱ በዚህ ዕድሜው የት ይሄዳል?»

እንደሚያስፈራራ ሰው አልነበረም የተናገረው። እንደሚያዝንላት ሰው ነበር፤ ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ነው።

*

ባሏን ከቀለም መጋዘኑ ኋላ አገኘችው። የግራይንደሩን ድንጋይ ይቀይር ነበር። ፊቷን ሲያይ ቁልፉን አስቀመጠ።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

አዲስ ሱፍ ለብሶ መስተዋት ፊት የቆመ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው። ልትመታው እጇን በላት።

«ቆንጆ ነው» አለች።

ፊቱ በራ። ሊደብቀው ሞከረ፤ አልቻለም። ጭምብሉን ከሰቀለ ወዲህ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም፤ ልቧ ሊከዳት ምንም አልቀረውም።

«ሚስቴም ብትሆን አይታ አትለይም ብለሃል አሉ።»

«ማን አለ?» ትንሽ አሰበና «እማዬ» አለ።

«ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው ነው።»

ሁለቱም ሊስቁ ነበር። ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

«ልጁ ፈርቶ ስለነበር ላጽናናው ብዬ ነው» አለ። «እንደምትለዪው አጥቼው አይደለም። ብነግርሽ ደግሞ አብረሽ ትታሰሪያለሽ። ካላወቅሽ አትዋሺም ብዬ ነው።»

«ወይስ ካየሁት በኋላ ዝም እንደምል ስላወቅህ?»

ቀና ብሎ ከእሷ ትከሻ በላይ ወደ ነጩ ድንኳን አየ።

«እኔ ዘንድ መጣ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ሁሉ በያጅ እያለ። እዚህ ቆሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ‹ያንተ እጅ ያስፈልገኛል› አለኝ። በዚህ ግቢ ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።»

የተመረጥከው በእኔ ምክንያት ነው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። ሬት ሬት አለ።

«አሙቀኸዋል?»

«አሙቄዋለሁ።»

«እስከ ውስጥ?»

«እጅ እስኪፋጅ።»

«በምሳ ሰዓት? ጊዜ ነበረህ?»

ግራይንደሩን አነሣ፤ ድንጋዩን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ነበረኝ።»

አብራው የኖረችውን ዘመን ሁሉ ሰብስባ ፊቱን አየችው። ወባ ሲይዘው ታውቃለች፤ ሲርበው ታውቃለች፤ ልደቷን ረስቶ ያልረሳ ሲመስልም ታውቃለች። ይህን ግን አላወቀችውም። ለሰው ፊት ጄልም መዳሰሻም አልተሠራለትም።

«አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ። ግን ብረቱም ይንገረኝ።»

«እሱ እኮ አለማመን ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ካስቆምሽው እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ አልቀርም። ይህን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለችና ዞረች።

*

እንግዶቹ በክሬኑ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። የባሕሩ ውሃ ሞልቶ ጫኟ ጀልባ ከፍ ብላለች። አለቃው እጁን አንሥቶ ሽማግሌውን ሹፌር ሊያዝ ሲል አዋላጇ ከገመዱና ከእግሩ መሐል ገብታ ቆመች።

«ዛሬ አይጫንም» አለች። «ከውስጥ በእጅ የተሰፋ አለ። ቀኑን ጠብቆ እንደገና መታየት አለበት።»

አለቃው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ወደ እንግዶቹ አየ፤ ቀጥሎ ፈገግታው ሄደ። «ይህን እግር ማሽኗ ብቻ ናት የሰፋችው» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእንግዶቹ።

«ቢገቡ ያዩታል።»

«የማን እጅ ነው?»

ገመዱን ጨብጣ ቆመች፤ ሚዜው አይኑን ጫማው ላይ ተከለ። ከላይ ሽማግሌው ሞተሩን አጠፉት፤ የግቢው ጸጥታ ድንገት ሰፋ። ከሰዉ ኋላ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ባሏ ተከትሏት መጥቶ ኖሯል። እንደ ተማሪ፣ ቃል ሳይናገር፣ ግራ እጁን አንሥቶ ቆሟል።

አለቃው እጁን አየ። «ቢሮ እንነጋገራለን» አለ በመጨረሻ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም። እንግዶቹን ይዞ ሄደ። ሚዜው ተከተላቸው፤ ጥቂት እንደሄደ ተመልሶ የድንኳኑን ሸራ ዘጋ፣ ከዚያ እንደገና ሄደ።

አዋላጇ መሣሪያዋን ይዛ ወደ ቱቦው ተመለሰች። ዛሬ ምንም ነገር እንደማታይ ታውቃለች፤ ቢሆንም ወደ ቤት ከመሄድ እዚያ መቀመጥ ቀለላት። ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ ስፌቱ አጠገብ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ የቱቦው አፍ ጨለመ፤ ባሏ እየዳኸ መጣ። ከስፌቱ ወዲያ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። መሐላቸው ያቺ ክንድ የምታህል ብረት ተኝታለች።

ውጭ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር፤ በቱቦው አፍ የሚገባው ብርሃን ቀላ።

«ለምን እኔን እንደመረጠ ገባኝ» አለ ባሏ።

«መቼ?»

«እጄን ሳነሣ ልጁ እኔን አላየም። አንቺን ነው ያየው።»

እጇን ልትዘረጋለት ፈለገች። ቅድም ያወቀችውን ደብቃው እንደነበር ትዝ አላት፤ እጇ ጭኗ ላይ ቀረ። እሱም ይህን ያየ መሰላት።

ያኔ ብረቱ አንዲት ድምፅ ሰጠ። ቀጭ። አጭርና ደረቅ ናት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲበላ የዋለ ቱቦ ሲበርድ እንዲህ ይላል፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ሌላም ነገር እንዲህ ሊል እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ። ወደ ስፌቱ ያየ የለም። የተያዩት እርስ በርስ ነው።

«አሙቄዋለሁ እኮ» አለ ባሏ፣ ሳትጠይቀው።

አዋላጇ ጭንቅላቷን ወደ ብረቱ አዘንብላ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ትንፋሿን ያዘች።